ታካሚሽ ሰባት ሲሰጥሽ፦ ትራንስፈረንስን ስለመለካት ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። «ታካሚዎቼ ወደ እኔ የሚያመጡትን ትራንስፈረንስ ለመመረቂያ ጽሑፌ መለካት እፈልጋለሁ፤ የዎርኪንግ አሊያንስ መጠይቁን ወደ አማርኛ መልሼ ባስሞላቸው ይበቃል?» ብለሻል። አይበቃም። እኔም የገባኝ በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን አታደባልቂ። ያ መጠይቅ የሚያየው አብሮ መሥራታችሁን ነው። ግባችሁ አንድ ነው? በምትሠሩት ነገር ተስማምታችኋል? ትቀራረባላችሁ? ትራንስፈረንስ ግን ሰውየው ከአባቱ ወይ ከአለቃው ጋር የለመደውን ይዞ መጥቶ አንቺ ላይ ሲደግመው ነው። በመጠይቁ ሙሉ ነጥብ እየሰጠሽ ሆዱ የሻከረ ሰው ሞልቷል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጎልማሳ ሰው ይመጡ ነበር (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ነው። የዚያን መጠይቅ አጭሩን፣ ከ1 እስከ 7 ቁጥር እየተከበበ የሚሞላውን ባለ 12 ጥያቄ፣ ተርጉሜ በ5ኛው ቀጠሯችን መጨረሻ ላይ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ ግን አላነበቡትም። ከላይ እስከ ታች 7 ቁጥርን ብቻ አከበቡና ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይዞህ፣ ሙሉ ነው የሰጠሁህ፤ እንጀራህ ላይ ችግር እንዳይመጣብህ» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ፋይላቸው ውስጥ ከተትኩት። ከ2 ሳምንት በኋላ ቀሩ። ስደውል «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አሉ። በዚያው ቀሩ።

በኋላ ማስታወሻዬን ከሱፐርቫይዘሬ ጋር ስናነበው አፈርኩ። የታናሽ ወንድማቸውን ዕዳ ማንም ሳያውቅ ከፍለዋል። የአለቃቸውን ጥፋት በራሳቸው ላይ ወስደዋል። ሁሉም ታሪክ ላይ አንድ ሰው ሳይነገረው ድካማቸውን እንዲያይላቸው ይጠብቃሉ፣ ያ ሰው አያይም፣ እሳቸው ደግሞ ፈገግ ብለው ይችሉታል፣ ይችሉታል፣ አንድ ቀን ድምፃቸውን አጥፍተው ይሄዳሉ። እኔንም ልክ እንደዛው ነው ያደረጉኝ። ትራንስፈረንሱ «አይዞህ» ያሉኝ ላይ ቁጭ ብሎ እኔ የ7 ድምር እሠራለሁ! ደግነቱ ብቻዬን አይደለሁም፤ ፍሮይድም ዶራ ብሎ የጠራት ታካሚው ጥላው ከሄደች በኋላ ነው ትራንስፈረንሱን በጊዜ አላየሁትም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ጽሑፍ ያመነው።

ስለዚህ ምክሬ ታሪክ ሰብስቢ ነው። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሌስተር ሉቦርስኪ እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረበው ዘዴ አለ፤ ሲሲአርቲ ይሉታል (በሰውየው ግንኙነቶች ላይ ደጋግሞ የሚመጣው ዋና የግጭት ጭብጥ እንደማለት ነው)። ታካሚው ከሰዎች ጋር ስለገጠመው ነገር ከተናገራቸው ታሪኮች ወደ 10 ያህሉን ትወስጃለሽ። በእያንዳንዱ ላይ 3 ነገር ታወጫለሽ፦ ምን ፈለገ፣ ሌላው ሰው ምን መለሰለት፣ እሱስ ምን ሆነ ወይም ምን አደረገ። ደጋግሞ የሚመጣው የሱ ንድፍ ነው። ከዚያ ስለ አንቺ የተናገረውን ለብቻ አውጥተሽ ከዚያ ንድፍ ጋር ታስተያይዋለሽ። አድካሚ ነው፣ አልዋሽሽም። ቀረጻ ያስፈልጋል፣ ለቀረጻው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአንድ ሰዓት ንግግር በአማርኛ ስጽፍ እኔን ሙሉ ቀን ይፈጅብኛል። አንቺ ያወጣሽውን ሳያይ ለብቻው የሚያወጣ ሁለተኛ ሰውም ፈልጊ፣ አለዚያ የምታገኚው የራስሽን ጥርጣሬ ነው።

መጠይቅ የግድ ካልሽ፣ ቴራፒስቱ ራሱ ስለ ታካሚው የሚሞላው አለ። ድሩ ዌስተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ሲሆን 90 ጥያቄዎች አሉት፤ ያኔ 181 የሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች ሞልተውት 5 ዓይነት ዝንባሌ ወጣ። ቁጡና ይገባኛል ባይ አለ፣ ስጉና ጥገኛ አለ፣ የሚሸሽ አለ፣ ወሲባዊ ስሜት የሚያመጣ አለ፣ ተማምኖ የሚሠራም አለ። ጥሩ ነው፣ ግን የሚያሳይሽ በአንቺ ዓይን የታየውን ነው። እነዚያን 7 ብቻ ያከበቡልኝን ሰው ያኔ ብሞላላቸው ኖሮ ያለ ጥርጥር «ተማምኖ የሚሠራ» ነበር የምላቸው። ስላሞገሱኝ!

ታካሚው የሚሞላውም አለ፣ ወደ ቴራፒስቱ ያለውን ትስስር የሚጠይቅ፣ ባለ 36 ጥያቄ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ። እዚህ ላይ ትርጉሙ ያስቸግርሻል። እንግሊዝኛው ግሱን ጾታና አክብሮት ሳይለይ በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ አንቺ ግን «ይረዳኛል»፣ «ትረዳኛለች» ወይስ «ይረዱኛል» ልትይ ነው? የመረጥሽው ግስ ራሱ ታካሚውን አንድ ቦታ ያስቀምጠዋል። እኔ ታካሚው በክፍሉ ውስጥ የሚጠራሽን እንዲከተል አድርጊ እላለሁ። በነገራችን ላይ አጠራሩንም በማስታወሻሽ ጻፊው። አንዲት ታካሚዬ አንተ ነበር የምትለኝ፤ የተቀየመችኝ ቀን ግን «እርስዎ» ትለኛለች። ከየትኛውም ነጥብ በፊት ቅያሜዋን የማውቀው በሱ ነው።

ይሉኝታውን ደግሞ በዘዴ ቀንሺው። ወረቀቱን አንቺ አትስጪ፣ ሌላ ሰው ይስጥ፤ በታሸገ ፖስታ ይመለስ፤ ሕክምናው እስኪያልቅ እንደማታዪው ንገሪያቸውና ቃልሽን ጠብቂ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ አታስሞዪ፣ ገና አያውቁሽም።

አማካሪሽ «ናሙናው አነሰ» ሊልሽ ይችላል። እኔ ብሆን ከ60 ሰው ባለ 7 ወረቀት ይልቅ የ5 ሰው ታሪክ በደንብ የወጣ እመርጣለሁ። የኦስሎው የፔር ሄግለንድ ጥናትም ቢሆን 100 ሰው ነው የያዘው። ለግማሹ ትራንስፈረንሱ በግልጽ ይነገረው ነበር፣ ለግማሹ አልተነገረም። በአጠቃላይ ልዩነት አልታየም፤ ግን ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት ሲበላሽ የኖረ ታካሚዎች ሲነገራቸው ይበልጥ ተጠቀሙ። ብዙዎቻችን የምንገምተው ተቃራኒውን ነበር።

ታሪኮቹን የማወጣበት ባዶ ቅጽ አለኝ። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። በእጅ የተሰመረ ነው፣ የእጅ ጽሑፌን ቻይው።