በቆሎ ወባ ያመጣል ወይ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከቡሬ አካባቢ ነው። በየዓመቱ ጓሮዬ ቢኤች 660 በቆሎ እዘራለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «በቆሎዎን ከቤትዎ ያርቁ፣ ወባ ያበዛል» ትለኛለች። የግብርና ባለሙያው ደግሞ ምርቱን አይቶ «እሱኑ ይዝሩ» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩ ለየብቻ ማውራታቸው ነው።

በቆሎ ወባ አይወልድም። የወባ ትንኝ የምትፈለፈለው ውሃ ውስጥ ነው። በቆሎው ግን ልጆቿን ይቀልብላታል። ሲያብብ በመካከሉ ሲያልፉ ትከሻዎ ላይ የሚራገፈውን ቢጫ ብናኝ ያውቁታል። እሱ አጠገቡ ያለ ኩሬ ላይ ሲወድቅ የትንኟ እጭ ትመገበዋለች። ጠግባ ያደገች እጭ ትልቅ ትንኝ ትሆናለች፣ ዕድሜዋም ይረዝማል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የወባው ተዋሲ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ቀናት ይፈልጋል፤ ቶሎ የምትሞት ትንኝ አታስተላልፈውም።

ይህ የተጠናው እዚያው እናንተ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የቡሬ ጥናት፣ በቆሎ በሚበዛባቸው ቦታዎች የታየው ወባ በቆሎ ከሚያንስባቸው ከ9 እጥፍ በላይ ነበር። ቢኤች 660 ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ የሚያብበው ዝናቡ ጋብ ብሎ ውሃው ሲያቁር፣ ትንኝ በሚበዛበት ሰሞን ነው።

በቆሎ ይተዉ አልልም። ጓሮ ፍግ አለው፣ እሸቱንም ከጦጣና ከሌባ መጠበቅ ይቀላል፤ ይገባኛል። ግን ብናኙ ከባድ ስለሆነ ብዙ ርቆ አይሄድም። በቆሎውን ወደ ዋናው ማሳ ወስደው ጓሮውን ለድንችና ለበርበሬ ያድርጉት። መሬት ከጠበበዎት ቀድሞ የሚደርስ ዝርያ ይጠይቁ። ለምርግ ጭቃ የተቆፈረውን ጉድጓድ ይድፈኑት። የማይደፈነውን በየሳምንቱ ያፋስሱት፤ እጭ ትንኝ ለመሆን ከሳምንት እምብዛም አትዘገይም። ፀረ ተባይ ኩሬ ውስጥ እንዳይጨምሩ፤ ከብትም ንብም ይጠጣዋል። አጎበሩም ለፍየል ማሰሪያ አይሁን (አይቻለሁ!)።

በቆሎዎ ማበብ ሲጀምር ለሁለቱም ባለሙያዎች ይንገሯቸው። እሱ የሰፈሩ በቆሎ መቼ እንደሚያብብ ያውቃል፤ እሷ ትኩሳት በየትኛው ጎጥ እንደጨመረ መዝግባለች። ሁለቱን አንድ ላይ ካዩ የትኛው ኩሬ ቀድሞ መፋሰስ እንዳለበት ይለያሉ።