«አትሳቱ» ሲል ማን ነው የሚያስተን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እዚህ አዳማ በጥናት ቡድናችን 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥33ን እያነበብን ነበር። «አትሳቱ» ይላል። አንድ ወንድም «ግሪኩ ተደራጊ ግሥ ነው፤ ጥፋቱ የአታላዩ እንጂ የተታለለው አይደለም» አለን። ልክ ነው?
እህትዎ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ግማሹ ልክ ነው። ቃሉ «ሜ ፕላናስቴ» ነው። «ሜ» አሉታ ነው። ግሡ «ፕላናኦ» ሲሆን ከመንገድ ማስወጣት ማለት ነው። ግን ግሪክኛ በአሁን ጊዜ ግሥ ላይ ተደራጊውንና ሰው በራሱ ላይ የሚያደርገውን የሚለይበት ቅርጽ የለውም፤ የቃሉ መጨረሻ በሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ ወንድማችን ያን ሁሉ ሸክም በአንዲት ቅጥያ ላይ መጫኑ አይሆንለትም።

ፕላኔት የምንለው ቃልም ከዚሁ ሥር ነው፤ ተንከራታች ኮከብ ማለት ነው። በማቴዎስ 18፥12 የባዘነችው በግ የተነገረላትም በዚሁ ግሥ ነው። እሷን የዋሻት የለም። ሣር ሣሩን እያየች ርቃ ይሆናል።

አማርኛችን እዚህ ላይ በጣም ደስ ይለኛል። መጀመሪያ አዳማ የመጣሁ ጊዜ ከመናኸሪያ ወጥቼ ወደ ፖስታ ቤት ነው የምሄደው ብዬ ግማሽ ሰዓት ያህል በልበ ሙሉነት ተጓዝኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። በመጨረሻ በቆሎ የምትጠብስ እናት «ልጄ፣ ስተሃል» አለችኝ። ማን አሳተኝ? ማንም። «አትታለሉ» ብንል አታላይ እንፈልግ ነበር። «አትሳቱ» ግን መንገዱን ይዞ ይቀራል፣ ልክ እንደ ግሪኩ።

አሳች ሲኖር መጽሐፉ በግልጽ ይናገራል። ማቴዎስ 24፥4 «ማንም እንዳያስታችሁ ተጠንቀቁ» ይላል፤ አድራጊ ግሥ ነው፣ ባለቤቱም «ማንም» ነው። 1ኛ ዮሐንስ 1፥8 ደግሞ «ራሳችንን እናስታለን» ይላል። ያም አድራጊ ነው።

ክፉ ባልንጀርነት ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም፤ ጳውሎስ ቀጥሎ የሚያነሳው እሱኑ ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ግን ለባልንጀራው ሳይሆን ለአንባቢው ነው።

በሚቀጥለው ጥናት ያዕቆብ 1፥16ን አውጡ። «ሜ ፕላናስቴ» እዚያም አለ። ሁለት ቁጥር ወደ ኋላ ስትመለሱ «በራሱ ምኞት ሲሳብና ሲታለል» ይላል። ይህ «ሲታለል» በግሪኩ ሌላ ቃል ነው፤ ዓሣ በሚጠመድበት ምግብ መሳብ ማለት ነው። እሱም በተደራጊ ቅርጽ ነው የተጻፈው። ምግቡ ግን የሰውየው የራሱ ምኞት ነው።