«አይቼዋለሁ» ያልኩበት ማታ

ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ላይ አንዲት ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ያገለገለ ፓራግላይደር፣ ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ የሚበርበትን የጨርቅ ክንፍ፣ ልትገዛ ነው። ክንፉን ሣሩ ላይ ዘርግታ ጨርቁን በጣቷ እያሻሸች፣ «ጋሼ፣ ይኸው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ሌላ ምን ልይ?» አለችኝ። ባጭሩ መለስኩላትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጥያቄው ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ መብረር ለጀመራችሁም ልጻፍ።

ሄልሜት አድርጉ፣ ፈቃድ ያዙ፣ ደመና ሲከብድ አትነሡ አልላችሁም። ይሄን ታውቁታላችሁ።

ሥራዬ የአውሮፕላን ጥገና ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ሃንጋር ውስጥ ኖሬያለሁ። እዚያ «አይቼዋለሁ» ማለት ፊርማ ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ማታ የ10 ቁጥር ቁልፍ ጠፋችብን። አለቃችን ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም አሉ። ወንበር እየነቀልን፣ ወለል እየከፈትን አደርን። ሊነጋ ሲል ከአንዱ ልጅ ቱታ ኪስ ውስጥ ተገኘች። አለቃችን አልተቆጡም። «በሉ፣ አሁን አውሮፕላኑ ይውጣ» ብለው ፈረሙ።

እንዲህ ባለ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ የእህቴን ልጅ ክንፍ በዓይኔ ብቻ አይቼ ያሳለፍኩት።

የዛሬ 11 ዓመት ነው። የጥምቀት ሰሞን። ክንፉ 7 ዓመት ያገለገለ ነበር፤ ልጁ ያጠራቀማትን ሁሉ አውጥቶ ነው የገዛው። ማታ ሳሎን ውስጥ ዘረጋነው። ጨርቁን መብራት ላይ ይዤ አየሁት፤ ቀዳዳ የለውም። ስፌቱ ደህና ነው። ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቶቼ መሃል አሳለፍኳቸው፤ የተላጠ የለም። ታላቅ እህቴ ቡና እያፈላች፣ «አይተህለታል?» አለችኝ። «አይቼዋለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ከሱሉልታ በላይ ያለው ተረተር ላይ ነበርን። ነፋሱ ለስላሳ ነው። ልጁ ሮጠ። ክንፉ ግን እንደ ወጉ አናቱ ላይ አልመጣም፤ ከኋላው ተንጠልጥሎ ቀረ። ደግሞ ሞከረ። ያው ነው። እኔ ታዲያ ምን አልኩት? «ከፍታው ነው። አየሩ ስስ ነው። ጠንክረህ ሩጥ።» ውሸት አልነበረም። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነትም 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያንን እውነት ግን መሸፈኛ አደረግኩት። ክንፉ ሕመሙን እየነገረኝ ነበር፤ ምክንያት ሰጥቼ ዝም አሰኘሁት።

በሦስተኛው ተነሣ። አሥር ደቂቃ ያህል በሰላም በረረ። ሊያርፍ ወደ ሣሩ ማሳ ሲቃረብ ፍሬኑን፣ የክንፉን ኋላ ወደ ታች የሚስቡትን የእጅ መያዣዎች፣ ሳብ አደረገ። ያን ጊዜ ክንፉ ወደፊት መሄዱን አቆመ። አልታጠፈም፣ አልተቀደደም። እንደተዘረጋ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ወረደ። በሬዲዮ «እጅህን ልቀቅ!» ብዬ ጮኽኩ። ከፍታው አልበቃውም። ከሁለት ፎቅ ያህል፣ በሁለት የሣር ክምር መሃል ወደቀ።

የአካባቢው ሰዎች ቀድመውኝ ደረሱ። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በጋቢ አስረው ቃሬዛ ሠሩለት። አንድ አዛውንት ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ደግፈው አስፋልቱ ድረስ አብረው ተጓዙ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ቁርጭምጭሚቱና አንድ የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ዳነ። ዛሬም ግን ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይይዛል። እህቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። «አይተህለታል?» ያለችውንም ደግማ አላነሣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ክንፉን ግቢዬ ውስጥ ለካሁት። የገመዶቹን ጫፍ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር አሰርኩ። በሌላው ጫፍ ገበያ ላይ የሚንጠለጠለውን ሚዛን አድርጌ እያንዳንዱን ገመድ በ5 ኪሎ ሳብኩና ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር አስተያየሁ። የፊቶቹ ልክ ናቸው። የኋላዎቹ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር አጥረዋል። እንዲሁ ስታዩት ምንም አይታይም። ነገሩ እንዲህ ነው። በረራ ላይ ክብደቱን በብዛት የሚሸከሙት የፊት ገመዶች ናቸው። ስለሚወጠሩ ርዝመታቸውን ይጠብቃሉ። የኋላዎቹ ጭነታቸው ትንሽ ነው። ዳይኒማ የሚባለው ዓይነት ከሆኑ በጊዜ ብዛት፣ እየረጠቡና እየደረቁ ይኮማተራሉ። ያኔ የክንፉ ኋላ ወደ ታች ይሳባል። ማንም ሳይነካው ፍሬን በትንሹ የተያዘ ያህል ነው። ለመነሣት ይከብዳል፣ ይዘገያል፣ ፍሬን ሲጨመርበት ይቆማል። ተራራው ላይ ያየሁት ሁሉ ይኸው ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ገመዱን አስለኪ። አንድ ክንፍ ከ200 ሜትር በላይ ገመድ አለው፤ በዳሰሳ አይታወቅም። አራሚድ የሚባለው ገመድ ደግሞ እንደ ዳይኒማው ባያጥርም በመታጠፍና በፀሐይ ብዛት ውስጥ ለውስጥ ይደክማል። ጨርቁም ቢሆን ማብረቅረቁ ማስረጃ አይደለም። አየር ምን ያህል እንደሚያሳልፍ በሰከንድ የሚቆጥር መሣሪያ አለ። አብዛኞቹ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ወይም በየ100 ሰዓት በረራ ገደማ ይመርመር ይላሉ። ሻጩን የምርመራውን ወረቀት ጠይቂው። ዛፍ ላይ አርፎ እንደሆነም ጠይቂው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ገመድ አይምርም።

እናንተ የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ያናድደኛል። እግራችሁ መሬት ከመንካቱ ቪዲዮው ስልክ ላይ ነው። ክንፉን ግን እንደ ቆሻሻ ልብስ ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ ትወረውሩታላችሁ። የሱሉልታ የበጋ አቧራ ክፍልፋዮቹ ውስጥ ይገባል፤ ሳይራገፍ ከታጠፈ የጨርቁን ሽፋን ይበላዋል። ፌንጣም ይገባል። አብሮ ከታጠፈ ጨርቁን ይነክሳል። አንዴ እጄን በክንፉ አፍ አስገብቼ አራት አውጥቻለሁ። ለዚህ አምስት ደቂቃ የለንም ትላላችሁ። ግን ደግሞ ትጠይቃላችሁ። እኛ በእናንተ ዕድሜ ማወቅ እንጂ መጠየቅ አናውቅም ነበር።

ዓይን አይበቃም ብዬ ጻፍኩ። ሳስበው መጀመሪያ የነገረኝም ያው ዓይኔ ነው። ክንፉ ወደ ኋላ መቅረቱን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ክንፍሽ ከትናንት የተለየ ነገር ካሳየሽ ምክንያት አትፈልጊለት። ጠቅልለሽ ውረጂ።

ሚዛኑ እስከ ዛሬ አለ። ከመክፈልሽ በፊት ቅዳሜ ጠዋት ክንፉን ይዘሽ ነይ። ለምርመራ ከመላክ አያድንሽም፤ የኋላ ገመዶቹ አጥረው እንደሆነ ግን እናውቃለን። የአምራቹን ሰንጠረዥ እንዳትረሺ። እኔ እስባለሁ፣ አንቺ ታነቢያለሽ፣ የእህቴ ልጅ ይጽፋል። ሁልጊዜም የሚጽፈው እሱ ነው።