የጠላቂ መብራት ባትሪና የአውሮፕላን ጉዞ

ጥያቄ፦ ለዳይቪንግ የምጠቀምበት አራት ባትሪ የሚወስድ መብራትና መለዋወጫ ባትሪዎች አሉኝ። ከሌላው የጠለቃ ዕቃ ጋር ለጭነት በምሰጠው ሻንጣ ውስጥ ላስገባቸው እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ ከእርስዎ ጋር በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው። ባትሪ ግሎ ቢቀጣጠል የበረራ ሠራተኞች በቶሎ ይደርሱበታል፤ በጭነት ክፍል ውስጥ ግን ማንም አይደርስበትም።

መጠኑ የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው። ካልተጻፈበት ቮልቱን በአምፔር-ሰዓት ያባዙት። ባለ 3.6 ቮልትና 5000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት (ማለትም 5 አምፔር-ሰዓት) ባትሪ 18 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በዓለም አቀፉ ደንብ እስከ 100 ዋት-ሰዓት የአየር መንገዱን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከ100 በላይ እስከ 160 አስቀድሞ ማስፈቀድ ግድ ነው፣ መለዋወጫውም ከ2 አይበልጥም። ከ160 በላይ የሆነ፣ እንደ አንዳንድ የውሃ ውስጥ ስኩተር (ጠላቂን የሚጎትት ሞተር) ባትሪዎች ያለው፣ መንገደኛ ይዞት አይበርም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አራቱ ባትሪዎች ተነጣጥለው የሚወጡ ከሆነ እያንዳንዱ 18 ተብሎ ይቆጠራል፤ አንድ ላይ የተበየዱ ከሆነ ግን ባለ 72 አንድ ባትሪ ናቸው።

ከባትሪው ይልቅ የሚዘነጋው መብራቱ ነው። ኃይለኛ የጠላቂ መብራት የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፤ ልብስ መሃል ተነክቶ ቢበራ ጨርቅ እስከማቃጠል ይደርሳል። ስለዚህ እንዲህ ላለው መብራት አየር መንገዱን በጽሑፍ ያስፈቅዱ፤ ባትሪውንም አውጥተው ለየብቻ ይያዙ። ማብሪያውን መቆለፍ ብቻ አይበቃም።

የወጡትን ባትሪዎች በፕላስቲክ መያዣቸው ያስቀምጡ፤ መያዣ ከሌለ ጫፎቻቸውን በፕላስተር ይሸፍኑ። ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር ከተነካኩ ሾርት ያደርጋሉ። ሁሉንም ከላይ በሚገኝ አንድ ትንሽ ቦርሳ ያድርጓቸው፤ ቦታ ሞላ ተብሎ የእጅ ሻንጣዎ መሳፈሪያው በር ላይ ለጭነት ከተወሰደ ባትሪዎቹን መንጭቀው ማስቀረት አለብዎት።

ጥያቄ፦ መብራቴ የባሕር ውሃ ገብቶበት ነበር። ባትሪውን አድርቄዋለሁ፣ ይሠራልም። ይዤው ልብረር?

መልስ፦ አይብረሩ። የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ በእጅም በጭነትም ክልክል ነው። ውሃው ቢደርቅም ጨው ይቀራል፤ ጨውም የመከላከያ ሰርኪዩቱን (ባትሪውን ከጉዳት የሚጠብቀውን የኤሌክትሪክ ክፍል) ይበላል፣ ኃይል የሚያሾልክ መንገድም ይከፍታል። አሁን መሥራቱ ነገ ሲሞላ እንዳይግል ዋስትና አይሆንም። ያገለገለ ባትሪ ወደሚሰበሰብበት ይስጡት፤ ለጉዞው አዲስ ይግዙ፣ የኦ-ሪንጉንም (ውሃ እንዳይገባ የሚያደርገው የጎማ ቀለበት) ጎድጓዳ አጽድተው ኦ-ሪንጉን ይቀይሩ።