ግራው ድምር፣ ቀኙ ብዜት፦ የሮጀርስና ራማኑጃን ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ለምንገናኘው የሒሳብ ወዳጆች «ስለ ሁለቱ የሒሳብ ሊቃውንት፣ ስለ ሮጀርስና ራማኑጃን እኩልታዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ኩ የምትባለዋን ተለዋዋጭ «ቀ» ብዬ እጽፋታለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማለቂያ የሌለው ብዜት እንዴት መልስ ይኖረዋል?

መልስ፦ ቀ በ0 እና በ1 መካከል ትሁን። ቀ²፣ ቀ³ እያለች በፍጥነት ወደ ዜሮ ትወርዳለች። ስለዚህ (1−ቀ)(1−ቀ²)(1−ቀ³) እያልክ ስትቀጥል አዲሱ ተባዢ ለ1 ምንም አይቀረውም፤ ብዜቱም ይረጋል። ለቆጠራ ከሆነ ግን የቀ ዋጋ አያስጨንቅህ። የምናነበው ከእያንዳንዱ አርቢ ፊት የቆመውን ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ብዜት ደግሞ ምን ይቆጥራል?

መልስ፦ ባለ 1 እና ባለ 5 ብር ብቻ ይዘሽ ለታክሲ ረዳት 9 ብር ልትከፍዪ ነው እንበል። ወይ ዘጠኝ ባለ 1፣ ወይ አንድ ባለ 5 እና አራት ባለ 1። ሁለት መንገድ። አሁን 1ን ለ(1−ቀ)(1−ቀ⁵) አካፍለሽ በ1፣ ቀ፣ ቀ²፣ ቀ³… ድምር ዘርዝሪው፤ ቀ⁹ ፊት 2 ቆሞ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ዋናው እኩልታ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይኸውላችሁ፦

1 + ቀ/(1−ቀ) + ቀ⁴/((1−ቀ)(1−ቀ²)) + ቀ⁹/((1−ቀ)(1−ቀ²)(1−ቀ³)) + … = 1/((1−ቀ)(1−ቀ⁴)(1−ቀ⁶)(1−ቀ⁹)…)

ቀኙ ለ5 ሲካፈሉ 1 ወይም 4 የሚተርፋቸውን ቁጥሮች ብቻ ደምሮ አንድን ቁጥር የመሥራት መንገዶችን ይቆጥራል። ለ9፦ 9፤ 6+1+1+1፤ 4+4+1፤ 4 እና አምስት 1፤ ዘጠኝ 1። አምስት ናቸው። ግራው ሌላ ሕግ አለው፦ በድምሩ ውስጥ ያሉ ቁጥሮች ቢያንስ በ2 ይራራቁ። ለ9፦ 9፤ 8+1፤ 7+2፤ 6+3፤ 5+3+1። እነዚህም አምስት! የ10ን ራሳችሁ ሞክሩት፤ በሁለቱም በኩል ስድስት ይወጣል።

ጥያቄ፦ ግራ በኩል 1፣ 4፣ 9 ከየት መጡ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። በ2 የሚራራቁ ሦስት ቁጥሮች ቢያንስ ስንት ይደመራሉ? 1+3+5፣ ማለትም 9። አራት ከሆኑ 16። ቀ⁹ የሦስቱን ትንሹን ድምር አስይዞ ይነሳል፤ ከሥሩ ያሉት (1−ቀ)(1−ቀ²)(1−ቀ³) ደግሞ የተረፈውን በላዩ ላይ ያከፋፍላሉ። ትልቁን ብቻ በ1 ማሳደግ፣ ሁለቱን ትልልቆች በ1 በ1 ማሳደግ፣ ወይም ሦስቱንም ማሳደግ። ርቀታቸው መቼም ከ2 አያንስም። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። 5 ግን ከየት ዱብ አለች? ግራው ላይ ወሬዋም የለም።

ጥያቄ፦ ማን አገኘው?

መልስ፦ እንግሊዛዊው ሮጀርስ በ1894 አረጋግጦ አሳተመው፤ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ራማኑጃን ህንድ እያለ ራሱ ደረሰበት፣ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። በ1917 የድሮ መጽሔቶችን ሲያገላብጥ የሮጀርስን ጽሑፍ አገኘ። በዚያው ዓመት ሹር የተባለ ሰው ጀርመን ውስጥ ከሁለቱም ሳይሰማ አረጋገጠው።

ጥያቄ፦ ለምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ለኮንዶሚኒየማችን ውሃ አያመጣም። ፊዚክስ ውስጥ ግን አለ። የፊዚክስ ሊቁ ባክስተር በ1980 ቅንጣቶች ባለ ስድስት ጎን ሆነው ሳይነባበሩ የሚደረደሩበትን ሞዴል ሲፈታ እነዚሁ እኩልታዎች ብቅ አሉ።

ጥያቄ፦ እኔ አስተማሪ ነኝ። ለልጆች በምን ልጀምርላቸው?

መልስ፦ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ባገኘው ይጀምሩላቸው። ቁጥር ሳይደግሙ መደመርና በጎዶሎ ቁጥሮች ብቻ መደመር እኩል መንገድ አላቸው። ለ5፦ 5፣ 4+1፣ 3+2 በአንድ ወገን፤ 5፣ 3+1+1፣ 1+1+1+1+1 በሌላው። ማረጋገጫው 1+ቀ ከ(1−ቀ²)/(1−ቀ) ጋር እኩል መሆኑ ብቻ ነው። 1+ቀ²ንም፣ 1+ቀ³ንም እንደዚያው ጽፈው ያባዟቸው። ሙሉዎቹ አርቢዎች (2፣ 4፣ 6…) ተጣፍተው ከታች ጎዶሎዎቹ ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ የሮጀርስና ራማኑጃንም እንዲህ በአጭሩ ይረጋገጣል?

መልስ፦ አይ፣ እሱ ጋ መከራ አለ። የሒሳብ ሊቃውንቱ ጋርሲያና ሚልን በ1981 የግራውን ከቀኙ አንድ ለአንድ የሚያጣምር መንገድ አሳተሙ፤ ግን ረጅምና ጠመዝማዛ ነው። ሌሎች ማረጋገጫዎችም ሞልተዋል። ለእኔ አንዳቸውም «ለዚህ ነው እንግዲህ 5 የመጣችው» አያሰኙኝም።