ስለ 4,294,967,297 ጠይቁኝ

ስለዚህ ቁጥር የሚጠየቀው ብዙ ስለሆነ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከስንት ቁጥር መካከል ይህን ለምን መረጡ?

መልስ፦ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ የተሳሳተበት ቁጥር ስለሆነ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን 2¹፣ 2²፣ 2⁴፣ 2⁸ እና 2¹⁶ ላይ 1 ሲጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 አገኘ። ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ተከታዮቹም እንደዚያው ናቸው ብሎ አመነ። ቀጣዩ 2³² + 1 ነው፤ ይኸው የእኛ ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ1732 ሌዮናርድ ኦይለር 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳየ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን 641ን እንዴት አገኘው?

መልስ፦ የት እንደሚፈለግ ማወቅ ነው ምሥጢሩ። ብቸኛ ቁጥር የሆነ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ፤ አምስተኛው ላይ ተያዘ ማለት ነው። በኋላ ኤድዋርድ ሉካስ 64ን ወደ 128 ከፍ አደረገው። በዚያ መንገድ ከ641 በፊት የሚሞከረው 257 ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ረጅሙን ማካፈል ሳልሠራ ላረጋግጠው እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ እኔ ከሁሉ የምወደውም ይህን ማረጋገጫ ነው። 641 በሁለት መልክ ይጻፋል፦ 5 × 2⁷ + 1 እና 5⁴ + 2⁴። ለ641 ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ እንከታተል። ከመጀመሪያው መልክ 5 × 2⁷ እንደ −1 ይቆጠራል። አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 5⁴ × 2²⁸ ይሆናል፤ ቀሪውም 1። ከሁለተኛው መልክ ደግሞ 5⁴ን በ−2⁴ መተካት እንችላለን። ስለዚህ −2³² ቀሪው 1 ነው፤ 2³² + 1 ምንም አይተርፈውም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ 6,700,417ስ ይከፈላል?

መልስ፦ አይከፈልም። ካሬ ሥሩ ከ2,589 ያንሳል፤ መሞከር የሚገባቸውም 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። አራቱም ቀሪ ያስተርፋሉ።

ጥያቄ፦ አካፋዩን ሳናውቅ ብቸኛ አለመሆኑን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ አዎ። ቁጥሩ 65,536² + 1² ነው፤ 62,264² + 20,449²ም ነው። ብቸኛ ቁጥር ቢሆን ኖሮ የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ በሁለት መንገድ አይጻፍም ነበር።

ጥያቄ፦ ከኮምፒውተር ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ በ32 ቢት (እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 በሚይዙ ቦታዎች) የሚጻፉት ልዩ ልዩ እሴቶች 4,294,967,296 ናቸው፤ የእኛ ቁጥር በ1 ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ከ3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሌላ ስድስተኛ የፌርማ ብቸኛ ቁጥር ተገኝቷል?

መልስ፦ እስካሁን የለም። ከ2³² + 1 ጀምሮ ተከታታይ 28ቱ ብቸኛ አለመሆናቸው ተረጋግጧል።

ጥያቄ፦ ጂኦሜትሪ ላይስ ፋይዳ አለው?

መልስ፦ የሒሳብ ሊቁ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1796 እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለው ባለ17 ጎን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። ከቁጥራችን 2 ብትቀንሱ 4,294,967,295 ይመጣል፤ እርሱም 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ነው። አካፋዮቹ የተለያዩ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ስለሆኑ ያን ያህል ጎን ያለው ቅርጽ በመርህ ደረጃ ይሠራል። ባለ4,294,967,297 ጎኑ ግን አይሠራም፤ 641 ከፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ወገን አይደለምና።