በሩ ተዘግቷል፣ ስልኬ ግን «ክፍት ነው» ይለኛል

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች የበዙት ስለ በርና መስኮት ሴንሰር ናቸው፣ እነዛ ሁለት ቁራጭ ነጭ ፕላስቲኮች፣ አንዱ በሩ ላይ አንዱ መቃኑ ላይ የሚለጠፉት፣ በሩ ሲከፈት ስልክ ላይ መልእክት የሚልኩት። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነዚህን መረጥኩ። ከታች «ዚግቢ» ሲባል አንዳንዶቹ ሴንሰሮች የሚያወሩበት የሬድዮ ዓይነት ነው፣ «ሀብ» ደግሞ መልእክታቸውን ተቀብሎ ወደ ስልክ የሚያደርሰው ትንሽ ሳጥን።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ከሰሚት ነው የምጽፈው። ጓደኛዬ ከዱባይ አራት የዚግቢ በር ሴንሰር ከነሀቡ አመጣልኝ። መኝታ ቤት የእንጨት በር ላይ ያለው ፐርፌክት ይሰራል፣ የሳሎኑ በር ላይ ያለው ግን (በሩ ብረት ነው) ተዘግቶ ተቆልፎ እያለ «ክፍት ነው» ይለኛል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ኦፍላይን ይሆናል። ሴንሰሮቹን አቀያየርኳቸው፣ ያው ነው። ችግሩ ምንድነው?

መልስ፦ ማቀያየርህ ጎበዝ ነህ፣ ጥፋቱ የሴንሰሩ እንዳልሆነ ራስህ አረጋግጠሃል። ጥፋቱ የበሩ ነው።

ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ነገር እኮ በጣም ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ የመስታወት ቱቦ አለች፣ ውስጧ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ፣ ሌላኛው ቁራጭ ውስጥ ያለው ማግኔት ሲጠጋ ይነካካሉ፣ ሲርቅ ይላቀቃሉ፣ በቃ። ሪድ ስዊች ይሉታል፣ በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ የተፈለሰፈ የድሮ ዕቃ ነው። ታዲያ ማግኔቱን ብረት ላይ ስትለጥፈው ጉልበቱን ብረቱ ይወስድበታል፣ ቱቦዋ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው፣ እንጨት ላይ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ የሚሰራው ሴንሰር ብረት ላይ በግማሹ ርቀት እንኳ እምቢ ሊልህ ይችላል። ካላመንከኝ ማስመሪያ አምጣና ጠረጴዛ ላይ ሞክረው፣ ማግኔቱን ቀስ እያደረግክ አርቀው፣ መብራቷ ብልጭ ያለችበትን ቦታ ያዝ፣ ከዛ እዛው በሩ ላይ አስጠግተህ ድገመው። ልዩነቱን በአይንህ ታየዋለህ።

መፍትሄው ደግሞ ከሴንሰሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ሳቅ ያስመጣል፦ ከአናጺ ቤት የተጣለ የ1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላት የእንጨት ወይም የቺፑድ ቁራጭ። ሁለት ቁረጥ፣ አንዷን ከማግኔቱ ስር አንዷን ከሴንሰሩ ስር አድርግ፣ ከብረቱ ይነሳሉ። ስትለጥፍ ጎናቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ጭረት ወይም ቀስት እይ፣ ሁለቱ ጭረቶች ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው፣ ብዙ ሰው ማግኔቱን ገልብጦ ለጥፎ ነው ዕቃውን የሚሰድበው። በማጠፊያው በኩል እንዳትለጥፈው፣ እዛ ጋ በሩ ገርበብ ቢል ማግኔቱ ብዙም አይርቅም፣ በእጀታው በኩል ነው ቦታው። ከመለጠፍህ በፊት ቀለሙን በአልኮል ጥረገው፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ብረት ዳብል ቴፑን አሙቆ ያንሸራትተዋል፣ ትራፓኖ ካለህማ በትንሽ ቪቴ እሰረውና ተገላገል።

ኦፍላይን የሚሆነው ከዛው ብረት ጋር የተያያዘ ነው፣ አንቴናዋ ብረት ላይ ስትለጠፍ ትታፈናለች፣ እንጨቷ እሱንም ታሻሽለዋለች። ሁለተኛው ምክንያት ግን ርቀት ሊሆን ይችላል፣ ሀቡ መኝታ ቤት ነው አይደል? በመሀል የብሎኬት ግድግዳ አለ። ሰው ሴንሰር በጨመረ ቁጥር ኔትወርኩ የሚሰፋ ይመስለዋል፣ አይሰፋም፣ በባትሪ የሚሰራ ሴንሰር የሌላውን መልእክት ተቀብሎ አያስተላልፍም። የሚያስተላልፉት ሁሌ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ናቸው፣ ለምሳሌ ሶኬት ላይ የሚሰካ የዚግቢ ስማርት ፕለግ። አንድ መሀል ላይ ብትሰካ ይረዳሃል፣ ግን እዚህ ጋ አንድ ነገር አለች። መብራት ሲጠፋ ፕለጉም አብሮ ይጠፋል፣ በሱ በኩል ሲያወራ የነበረው ሴንሰር በባትሪ ቆሞ እየጮኸ ሰሚ ያጣል ማለት ነው፣ ደግሞ ሌባ ጨለማ አይጠላም። ስለዚህ እኔ ብሆን ፕለግ ከመግዛቴ በፊት ሀቡን ወደ ሳሎን አመጣዋለሁ፣ ከራውተሩ ጋር አብሬ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያስቀጥል ትንሽ ሳጥን) ላይ እሰካዋለሁ። ራውተርህ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ አዳፕተሩ ላይ አንብብ፣ ብዙ ጊዜ 12 ወይም 9 ነው፣ ሀቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 5። ሀቡን በፓወር ባንክ ላድርገው ካልክም ይቻላል ግን ቀድመህ ፈትነው፣ አንዳንዱ ፓወር ባንክ የሚስበው ከረንት ትንሽ ሲሆንበት «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቻርጅ እየተደረገ አያወጣም። አንድ ማታ ሙሉ አቆይተህ ጠዋት እየው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ «ዝግ ነው» ማለት «ተቆልፏል» ማለት አይደለም። ማግኔቷ ቁልፍ አታውቅም።

ጥያቄ፦ እንዴት ናችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ 78 አመቷ ነው፣ የመርሳት ችግር ጀምሯታል፣ ሁለት ጊዜ ሌሊት ተነስታ በሩን ከፍታ ወጥታለች፣ አንዴ ጎረቤት ነው ያገኛት። እዚህ ቤቴ የተገጠመ አላርም አለ፣ ከሱ ጋር የመጡ ትርፍ ሴንሰሮች አሉኝ፣ ገና ስመጣ ይዤላት ብመጣ ይሰራል? በሩ ሲከፈት ለኔ ስልክ እንዲደውልልኝ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ሻንጣ ከማዘጋጀትሽ በፊት ሴንሰሩ በምን ሬድዮ እንደሚሰራ ካርቶኑ ላይ አንብቢ። «ዜድ-ዌቭ» የሚል ከሆነ (አሜሪካ በብዙ ቤት ያሉት የሪንግ አላርም ሴንሰሮች ለምሳሌ ዜድ-ዌቭ ናቸው) እዛው ተዪው። የአሜሪካው ዜድ-ዌቭ የሚያወራው በ908.42 ሜጋኸርዝ ነው፣ የአውሮፓው በ868.42፣ ሁለቱ አይሰማሙም። ባሰ ደግሞ እኛ ጋ ከ880 እስከ 915 ያለው ሞባይል ስልኮች ከታወር ጋር የሚያወሩበት ነው፣ ያንቺ ሴንሰር መሀሉ ላይ ገብቶ ሊጮህ ነው ማለት ነው። ዚግቢ፣ ትሬድ ወይም ዋይፋይ የሚል ከሆነ ግን ችግር የለም፣ እነሱ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው፣ የትም አገር ይሰራሉ። የሀቡን አዳፕተርም እዪ፣ «100-240» ካለ የኛን 220 ይችላል፣ የስፒና መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ፣ «120» ብቻ ካለ እንዳትሰኪው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለስልክሽ መላኩ ጥሩ ነው፣ ሰአቱም እንደ እድል ይመቻል፣ እማዬ ከሌሊቱ 8 ሰአት ስትነሳ በአሜሪካ ሰመር እናንተ ጋ ገና ከምሽቱ 1 ሰአት ነው፣ ነቅተሻል። ግን አንቺ ሜሪላንድ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ? ስልክ ነው የምትደውይው፣ የምትደውይለት ሰው ደግሞ ተኝቷል፣ ስልኩም ሳይለንት ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ድምፅ መጮህ ያለበት እዛው ቤት ውስጥ ነው፣ አብሯት የሚያድረው ሰው አልጋ አጠገብ። ሳይረን አትግዢ፣ እባክሽ፣ ግራ የተጋባች እናት ሌሊት ሳይረን ሲጮህባት ብርክ ነው የሚይዛት። እንደ በር ደወል ለስለስ ያለ ድምፅ የሚያሰማ ቻይም የሚባል አለ፣ እሱን። ከዛ ኮሪደሩ ላይ ያለው አምፖል አብሮ እንዲበራ አድርጊ፣ ቢያንስ የምትረግጠውን ታያለች። ሴንሰሩን ከተቻለ የመኝታ ቤቷ በር ላይም አንድ ጨምሪ፣ የውጪው በር ጋ እስክትደርስ አብሯት ያለው ሰው ነቅቶ ጫማ ለማጥለቅ ጊዜ ያገኛል።

እና ይሄ ሁሉ ኢንተርኔት ሲቋረጥም እንዲሰራ ትፈልጊያለሽ፣ ስትገዢ «ሴንሰሩና ቻይሙ ያለ ኢንተርኔት ይገናኛሉ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የዋይፋዮቹ ብዙዎቹ ቻይና ወይም አውሮፓ ያለ ሰርቨር ዞረው ነው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያወሩት፣ ሌሊት ኔት ሄደ ማለት ዝም አሉ ማለት ነው። የዚግቢ ሀብ እዛው ቤት ውስጥ ይጨርሰዋል፣ ቢያንስ ደህናዎቹ።

በሩን ከውጪ ቆልፎባት መተኛት ግን፣ አንዳንድ ቤት ሲደረግ አይቻለሁ፣ እሳት ቢነሳስ?

ጥያቄ፦ የተከበርክ አዘጋጅ፣ አዳማ ሱቅ አለኝ። ልጄ የዋይፋይ በር ሴንሰር ገጠመልኝ፣ ሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይበላል፣ በወር በወሩ ያልቃል። ካርቶኑ ላይ ስድስት ወር ይላል። ተታለልኩ ወይ?

መልስ፦ አልተታለሉም ጋሼ፣ ካርቶኑን የጻፈው ሰው ሱቅ የለውም እንጂ። የዋይፋይ ሴንሰር ተኝቶ ነው የሚውለው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይነቃና ራውተሩን ፈልጎ፣ ተገናኝቶ፣ መልእክቱን ልኮ ተመልሶ ይተኛል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ያቺ ጊዜ ናት ባትሪ የምትበላው። የመኖሪያ ቤት በር በቀን አስር ጊዜ ቢከፈት ነው፣ የርስዎ መቶም ሁለት መቶም ይሆናል። ደንበኛ ለመቁጠር ካልሆነ ፊት ለፊት ካለው በር ያንሱትና ቀን የማይነካው የጓሮ በር ላይ ያድርጉት፣ ወይም ማታ ብቻ የሚወርደው መዝጊያ ላይ፣ እሱ ግን የብረት ነውና ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ ስለ እንጨቷ ያልኩትን ያንብቡልኝ። የግድ እዛው ይሁን ካሉ ልጅዎ በዚግቢ ይቀይረው፣ እሱ በቅጽበት ልኮ ነው የሚተኛው።

ቻርጅ የሚደረጉትን ባትሪዎች ለመጠቀም አይቸኩሉ፣ 1.5 ሳይሆን 1.2 ቮልት ስለሆኑ ገና ሳያልቁ «ባትሪ ዝቅተኛ» እያለ ያሰለችዎታል። ወደ ዚግቢው ከሄዱ ደግሞ ብዙዎቹ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ሲአር 2032 ነው የሚበሉት፣ ሱቅ ውስጥ የልጅ ልጆች ይውላሉ መሰለኝ፣ አሮጌዋን ባንኮኒ ላይ እንዳይተዉት። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተሰክታ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ታደርሳለች፣ «ቆይ ትወጣለች» አይባልም፣ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ የቤት ሠራተኛችን ማታ ማታ የምትወጣ ይመስለኛል። ሳታውቅ የክፍሏ በር ላይ ሴንሰር ባደርግ በየትኛው በኩል ቢለጠፍ አይታይም?

መልስ፦ ይሄን አልመልስም። የግቢ በር ላይ አድርጊ፣ ያንቺም የሷም የባልሽም መግቢያ ነው፣ አድርጌያለሁ ብለሽም ንገሪያት። የክፍሏ በር የሷ ነው። ትወጣ እንደሆነ ቁርስ ላይ ጠይቂያት፣ ምናልባት ማታ ትምህርት ቤት ገብታ ፈርታሽ ይሆናል።

የግቢ በር ካልኩ አይቀር፣ እነዚህ የቤት ውስጥ ሴንሰሮች ዝናብ አይችሉም፣ አንድ ክረምት አይሞሉም። ለውጪ በር ብረት ለበስ ባለ ሽቦ ማግኔት ኮንታክት አለ፣ የጋራዥ መዝጊያ ላይ የሚታሰረው ዓይነት፣ ሽቦውን ወደ ጥበቃው ክፍል አስገብተህ የውጪ ሽቦ የሚቀበል ገመድ አልባ ሴንሰር ላይ ታስረዋለህ። ስትገዛ ውስጡ ለሽቦ ማሰሪያ ሁለት ቪቴ ያለው መሆኑን አስከፍተህ እይ።

ጥያቄ፦ አፑ ላይ «ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 በሩ ከተከፈተ ሳይረን ይጩህ» ብዬ ሞላሁ፣ ማታ ስሞክረው አይጮህም። ለምን?

መልስ፦ ሃሃ፣ እንኳን ደህና መጣህ ወደ ክለቡ። 4 እና 12 ብለህ ነው የሞላኸው አይደል? አፑ የኛን ሰዓት አያውቅም። 4፡00 ብለህ ስትጽፍለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የሚረዳው፣ 12፡00ን ደግሞ እኩለ ቀን። 22፡00 እና 06፡00 ብለህ አስተካክለው፣ የሰዓት ዞኑም አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ መሆኑን እይ፣ ከውጪ የመጣ ሀብ አንዳንዴ የመጣበትን አገር ሰዓት ይዞ ይቀራል።

እኔም አድርጌዋለሁ። ማታ እንደዛው እንዳንተ ዝም ሲለኝ ባትሪው ነው ብዬ ቀየርኩ፣ ሴንሰሩን ነቅዬ መልሼ ለጠፍኩ፣ ተስፋ ቆርጬ ተኛሁ። ጠዋት 12 ተኩል ላይ ባለቤቴ ዳቦ ልትገዛ በሩን ስትከፍት ሳይረኑ ሰፈሩን ቀሰቀሰው፣ የፎቁ ሰው በሙሉ በፒጃማ ወጣ፣ እኔ ስልኬን ፈልጌ እስካጠፋው ሦስት ደቂቃ። ይቅርታ ስጠይቅ ቆይቼ ሰዉ ገብቶ፣ እሷ ዳቦዋን ይዛ ስትመለስ በሩን ከፈተችው፣ እንደገና ጮኸ።